ጭስ ያጣው ጣሪያ

ከቲቲካካ ሐይቅ ዳር፣ ዛፍ ከማይበቅልበት፣
ነፋስ ሳር እየላጨ ሲያፏጭ ከሚያድርበት፣
እንጨት የለም እኛ ዘንድ፤ ኩበት ነው ማገዶ፤
ስንት ዓይን አልቋል በጭሱ፣ ከኩበት ጋር ነዶ።
እኔ ኢላርዮን ነኝ፤ ቤቴ ከቤቷ ማዶ፤
በሳቄ ያቆሰልኋት፤ ዛሬ አፌ ተዋርዶ።

ካሲሚራ ባሏን ከቀበረች ወዲያ
የቀራት ሁለት ላም፣ አራት ላማ፣ አህያ፣
አንድ ሣጥን ደግሞ የብስክሌት ዕቃ፤
ጎማ ሲደፍን የኖረ ነው፣ እጀ ጠንቃቃ።

ዊልማር የሚባል ልጅ መጣ ከከተማ፣
ወገቡ ቀጭን፣ እግሩ ላይ የጭቃ ቦት ጫማ፤
ስምንት ክንድ ጉድጓድ አስቆፈራት ጓሮ፣
ጭድ ጎዘጎዘበት፣ ዙሪያውን በጭቃ ጡብ አጥሮ።
የፕላስቲክ ከረጢት፣ ድርብ፣ እንደ አንጀት ረጅም፣
አጋደመበት፤ ሲያዩት ቁምነገር አይመስልም።
ከዚህ ጫፍ መጉረሻ፣ ከዚያ ጫፍ ማውጫ
ቱቦ ሻጠና፣ ሲጨንቀው የአፉ መቋጫ፣
ካሲሚራ ገባች፣ ሣጥኑን ከፈተች፣
የባሏን ከመነዳሪ እንደ ጠፍር ቀደደች፣
ጎትታ፣ ጠምጥማ፣ በጥርሷ አጠበቀች።
«ይኼማ የሱ ሥራ ነው፤ አየር አያሾልክም» አለች።

ሦስት ባልዲ ውሃ፣ አንድ ባልዲ እበት፣
እስከ ክርኗ ዘልቃ፣ እያሸች በጉልበት፣
የድንች ልጣጭ፣ የላማ በጠጥ ጨምራበት፣
ታጎርሰው ጀመር፣ አፉን ደግፋ፣ እንደ ታመመ አባት።
እኔም ከአጥሬ ላይ፣ «እንዴት አደረ? ፈሳ ወይ?» እላለሁ፤
መልስ የለም፤ ብቻዬን እስቃለሁ።

በሠላሳኛው ቀን ሆዱ ተነፋ፤
ክብሪት ብትጭርለት እፍ ብሎ አጠፋ።
ሌላ ጫረች፣ አጠፋ።
ሦስተኛም፣ አጠፋ።
ዊልማርን ደወለች፤ ድምፁ እየራቀባት፣
«የፊተኛው ትንፋሽ አይነድም፤ ልቀቂው» አላት።
«ብርድ ነው የያዘው፤ ስልሳ ቀን ይሙላለት።»

ሰኔ ገባ። የኛ ሰኔ ዝናብ የለው፣ ውርጭ ነው ዘሩ፤
ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ ድንጋይ ነው ከዳር እስከ ዳሩ።
አንድ ሌሊት ለሽንት ወጥቼ የባትሪ ብርሃን አየሁ፤
ካሲሚራ ናት። አጥሬን ተደግፌ ቆየሁ።
የባሏን ፖንቾ፣ ያን ቀዩን፣ ለበዓል የሚለብሰውን፣
ታለብሰዋለች ያንን ሆድ፣ ያንን ገላውን፤
ጠርዙን ትወትፋለች፣ እንደሚተኛ ሰው አንገቱን።

ያን ሌሊት አልሳቅሁም።
ለማንም ግን አልተናገርሁም።

የቀረውን እሷ ናት ያወጋችኝ፦ አንድ ቀን፣
ፀሐይ በበሩ ሞልታ፣ ልክ እኩለ ቀን፣
ቧንቧውን ፈታች፣ ክብሪት ጫረች፤ ምንም አይታይ፤
ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ። «አንተም እንደሱ ጥለኸኝ?» አለች፣ አንጋጣ ወደ ሰማይ፤
ጣቷን ሰደደች፣ ቀዳዳው ተደፍኖ እንደሁ ልታይ፤
ጮኸች!
ለካ ይነዳል። ሰማያዊ ነው፤ በቀትር ፀሐይ አይታይ።
ጣቷን አፏ ከትታ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣
ሳቀች፤ ሳቀች አለችኝ፣ እንባዋ እስኪመጣ።

እኔ ይኼን በምን ልወቅ? ሦስት ማለዳ ሙሉ
ጣሪያዋን አያለሁ፤ ጭስ የለም። ውሾቿ ዝም ብለዋል ሁሉ።
ጭስ የሌለው ቤት፣ በኛ አገር፣ ሰው የለውም።
ተነሣሁ፤ እንግዲህ አያስችልም፤
ብትታመም ሾርባ፣ ብትሞት ሻማ ይዤ፣
በሯን ገፋሁት፣ ባርኔጣዬን በብብቴ ይዤ።

ድስቷ ይንተከተካል። ቤቱ ጠርቷል፤ የግድግዳው ጥቀርሻ
አሮጌ ነው፣ የትናንት፤ የለውም መጨረሻ
መጀመሪያም፤ ከሥሩ ግን ዓይኔ አላለቀሰም።
«ምነው በሻማ?» አለችኝ።
ምን ይባላል? አፈርሁ። «እሳት ልጭር ነው» አልኋት።
ቀና ብላ አየችኝ፤ ጣቷ ላይ ጨርቅ ተጠምጥሟል።
«ይኼ ፍም የለውም፣ ኢላርዮን፤ አይጫርም።
ላም አለህ አይደል? ባልዲ ይዘህ ና።»

ሾርባዬ በመንገድ በርዶ ነበር።
በሷ እሳት አሞቅነው።